ነፍሰ ጡሯ የማትበላው ስለማታውቅ ነውን?

በአገራችን ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች አመጋገብ የሚሠሩ ጥናቶችን ተከታትሎ ያነበበ ሰው መደምደሚያቸውን ሳይገልጠው ያውቀዋል። የእናቶች ግንዛቤ አናሳ ነው፤ ስለዚህ የግንዛቤ ማስጨበጫው ሥራ ተጠናክሮ ይቀጥል። በጥናቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ጎልቶ የወጣው የቤተሰቡ ገቢ ሊሆን ይችላል፤ የጤና ጣቢያው ርቀት ወይም የመሬቱ ማነስም ሊሆን ይችላል። ምክረ ሐሳቡ ግን ዞሮ ዞሮ ትምህርት ላይ ያርፋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮበታል፦ ጭንቀት ጽንሱን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት መጨነቅ የለባትም። ይህን ሬዲዮው ይለዋል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ይሉታል፣ ጎረቤትም ይደግመዋል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ ያለኝ ቅሬታ ትምህርት አይጠቅምም የሚል አይደለም። ቅሬታዬ የችግሩን አድራሻ መሳቱ ላይ ነው። የነፍሰ ጡሯ ምግብና የነፍሰ ጡሯ ጭንቀት ሁለት የተለያዩ ርእሶች ተደርገው፣ ሁለቱም በእሷ ጭንቅላት ውስጥ እንዲፈቱ ተትተዋል። ማስረጃው ግን ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ወደ ጓዳው፣ ወደ ውሃው መንገድና ወደ ማዋለጃው ክፍል ይወስደናል።

ከሁሉ በፊት ዘወትር በምሳሌነት የሚነሣውን ልማድ እንመልከት። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ሆዷ የገፋ ሴት ምግብ ትቀንሳለች። ጎጂ ልማድ ተብሎ በየሥልጠናው ይነገርበታል። በሻሸመኔ በተደረገ አንድ ጥናት ከተጠየቁት ነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ የምግብ ዓይነት እንደሚተዉ ተናግረዋል፤ ብዙዎቹ የሰጡት ምክንያትም ምጥ ይጠናብኛል የሚል ስጋት ነው። በአርሲ ገጠርም ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ጎመን የመሳሰሉት ልጁን ያገዝፋሉ፣ ራሱ ላይም ይለጠፋሉ ተብለው እንደሚፈሩ ተመዝግቧል። «ይለጠፋል» የሚለው የሚያስቃቸው ባለሙያዎች አሉ። ሕፃን ሲወለድ ገላውን ለብሶት የሚመጣውን ነጭ ቅባት ያየ ሰው ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ቅባቱን የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ነው፤ ቆዳውንም ይጠብቅለታል። ነገር ግን መብራት በሌለው ቤት፣ በእሳት ብርሃን ሕፃን ለምትቀበል ሴት እርጎ መምሰሉን ማን ይከለክለዋል? ማብራሪያው ስህተት ነው፤ ምልከታው ግን ከዓይን የመጣ ነው።

ወደ ዋናው ስሌት ልለፍ፦ ልጁ ከገዘፈ ማን ያወጣልኛል? ይህ ጥያቄ በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ደጋግሞ ይሰማል፤ የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አይዞሽ፣ ብዪ» ነው። ልማዱ የተቀረጸበትን ዘመን እናስታውስ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ይኸው ጥናት ገምቷል። ከሞት የተረፈችውም ብትሆን ምጥ ለቀናት ጸንቶባት ፊስቱላ ይዟት ትቀር ነበር። በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ጉዳት ብቻ የሚሆን ሆስፒታል መክፈት ያስፈለጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀዶ ጥገና በሌለበት አገር «ልጁ አነስ ይበል፣ እኔ ልትረፍ» ብሎ ማሰብ አለማወቅ ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም። በ2016 እንኳ በቀዶ ጥገና የሚወልዱት ከ100 እናቶች 2 ነበሩ፤ ቁጥሩ በገጠር ከዚያም ያንሳል።

ስሌቱ የሚሳሳትበትን ቦታ ግን በትክክል ማሳየት ይገባል። በጋምቢያ፣ በኬኔባ አካባቢ ባሉ መንደሮች የተካሄደና በ1997 የታተመ ትልቅ ሙከራ ለነፍሰ ጡሮች ከእርግዝናቸው አጋማሽ ጀምሮ በቀን 1,000 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ በኦቾሎኒ የተሠራ ብስኩት አድሏል። የሕፃናቱ የውልደት ክብደት በአማካይ በ136 ግራም ጨመረ። እህል በሚያልቅበትና የእርሻ ሥራ በሚበረታበት ወቅት ለወለዱት ጭማሪው 201 ግራም ደረሰ። ሞተው የሚወለዱና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ወደ ግማሽ ተጠጋ። የራስ ቅል ዙሪያ የጨመረው ግን በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው! ምጥን የሚያስተጓጉለው በአብዛኛው የራስና የዳሌ አለመመጣጠን ነውና ለፈሪዋ ሴት የሚሆነው መልስ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ፤ በሚያስፈልጋት ልክ ስትበላ ሕፃኑ የሚጨምረው ሥጋና ስብ ነው፣ ራሱ እምብዛም አይሰፋም። በስንት ኮንፈረንስ ላይ ይህ ተነግሯታል? እኔ በታደምኩባቸው አልሰማሁም። የተነገራት «ልማድሽ ኋላ ቀር ነው» የሚል ነው።

ሌላም አለ። የብዙ እናቶቻችን ዳሌ የጠበበው አሁን በሚበሉት ወይም በማይበሉት አይደለም። በልጅነታቸው ቀንጭረው፣ ገና ሳይጎለምሱ ስለተዳሩ ነው። ዛሬ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የቀነጨረ ነው፤ በ2019 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 37 ከመቶ። ዛሬ የቀነጨረችው ሕፃን ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ምጡን የምትፈራዋ ነፍሰ ጡር ትሆናለች። ስለዚህ የአንዷን ሴት የዘጠኝ ወር ሳህን ብቻ እያየን የምንሰጠው ፍርድ ከመነሻው አጭር ነው።

ለመሆኑ ዕውቀት ሞልቶ ምግብ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ታሪክ ይህን ፈትኖታል። በ1944 መገባደጃ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድ የሚገባውን ምግብ አገደ። ክረምቱ ሲበረታ የአምስተርዳምና የሮተርዳም ነዋሪ በቀን ከ400 እስከ 800 ካሎሪ በሚሰጥ ራሽን ይኖር ነበር። እናቶቹ ፊደል የቆጠሩ ነበሩ፤ አዋላጆችም ሐኪሞችም ነበሯቸው። የመጨረሻዎቹን የእርግዝና ወራት በረሃብ ያሳለፉት የወለዷቸው ሕፃናት ከወትሮው በ300 ግራም ገደማ ቀለሉ። በግንቦት 1945 አገሪቱ ነጻ ወጥታ ምግብ ሲገባ ክብደቱ በወራት ውስጥ ተመለሰ። ክብደቱ ሲወርድ ዕውቀት አልቀነሰም፣ ሲመለስም ሥልጠና አልተሰጠም። የወረደውም የወጣውም ራሽኑ ነው።

ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ደግሞ ለጭንቀቱ ክርክር ቁልፍ ነው። እነዚያ እናቶች የተራቡ ብቻ አልነበሩም፤ በርዷቸዋል፣ ቦምብ ፈርተዋል፣ ባሎቻቸው ለግዳጅ ሥራ ተወስደውባቸዋል። በልጆቹ ላይ በኋላ ከታየው ጉዳት የትኛው የረሃቡ፣ የትኛው የፍርሃቱ ነው? ከሰባ ዓመት ጥናት በኋላም ሁለቱን ለይቶ የሚያስቀምጥ የለም። ምክንያቱም በሕይወት ውስጥ ተለያይተው አይመጡም።

በእኛም ቤት ያው ነው። በ2015 የታተመ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት የምግብ ዋስትና በሌለው ቤት የምትኖር ነፍሰ ጡር በአእምሮ ጭንቀት የመያዝ ዕድሏ በአራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የአንድ ጊዜ ዳሰሳ ስለሆነ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አያረጋግጥም። ቢሆንም ነገ ምን እንደምታበስል የማታውቅን ሴት «አትጨነቂ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። ጭንቀቷ የሐሳብ ብልሽት ሳይሆን ትክክለኛ ቆጠራ ነው፤ ጎተራውን አይታለች።

በቡታጅራ በተደረገ ሌላ ጥናት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሚጠቀስበት በላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነውና። ተመራማሪዎቹ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ከነጭንቀታቸው መዝግበው እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ ተከታተሏቸው። በ2009 ባወጡት ውጤት በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ከ24 ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ምጥ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ ጡት ማጥባትንም ዘግይተው ጀመሩ። ከሕፃኑ የውልደት ክብደት ጋር ግን ግንኙነት አልተገኘም። ከዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ስብስብ ውስጥ የእናት ጭንቀት ከሕፃኑ መቀጨጭና መቀንጨር ጋር ይያያዝ እንደሆነ ተፈትሾ ግልጽ ግንኙነት አልታየም፤ በህንድና በፓኪስታን ተመሳሳይ ጥናቶች ግንኙነት አግኝተው ነበር። «ስትጨነቂ ልጅሽን እየጎዳሽ ነው» ብለው በእርግጠኝነት የሚናገሩ ሰዎች ይህን ያህል እርግጠኝነት ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የቡታጅራው ውጤት የሚጠቁመው ወደ ምጡና ወደ ጡቱ ነው። የረዘመ ምጥ ደግሞ ሴትየዋ መጀመሪያውኑ የፈራችው ነገር ነው። ፍርሃቷ ምግቧን ይቀንሳል፣ የምግብ እጦቱ ጭንቀቷን ያብሳል፣ ጭንቀቱም ከረዘመ ምጥ ጋር አብሮ ይገኛል፤ የሚቀጥለው እርግዝና የሚጀመረው በዚያ ምጥ ትዝታ ነው። ይህ ሰንሰለት የእኔ ንባብ እንጂ የጥናቱ ግኝት አይደለም። ሆኖም ምክር ብቻውን የትኛውን ቀለበት እንደሚበጥስ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ሥጋዊው መንገድ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ሰውነት ሲራብም ሲጨነቅም ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል። የእንግዴ ልጅ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም አብዛኛውን ኮርቲሶል ወደ ጽንሱ ከመድረሱ በፊት ያከሽፈዋል። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ የእናቲቱ ፕሮቲን ሲቀነስ የዚህ ኢንዛይም አቅም ወርዶ ታይቷል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን ውጤቱ በሰውም የሚሠራ ከሆነ ትርጉሙ ከሬዲዮው ምክር ጋር ይጋጫል። ያልበላች እናት ጽንሷ ከጭንቀት የሚጠለልበት ግድግዳ ይሳሳል ማለት ነው፤ መፍትሔውም ከመረጋጋት ምክር በፊት ምሳ ነው።

በተቃራኒው «ጥሩ ምግብ መንፈስን ያረጋጋል» ብለው ኪኒንና ዘይት የሚያዝዙትንም ማስረጃው በጭፍን አይደግፋቸውም። አውስትራሊያ ውስጥ 2,399 ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ሙከራ የዓሣ ዘይት ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን ድባቴ እንደማይቀንስ፣ የሕፃናቱንም የቋንቋና የማሰብ ችሎታ እንደማያሻሽል አሳየ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን በአይረን እጥረት ደም ላነሳቸው እናቶች ከወሊድ በኋላ አይረን ሲሰጣቸው የድባቴና የውጥረት ልኬታቸው በ25 ከመቶ ገደማ ተሻሽሏል። ሁለተኛው ሙከራ በተሳታፊ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱ ያስተምራል። ያልጎደላትን መጨመር ለውጥ አላመጣም፤ የጎደላትን መሙላት ግን ስሜቷንም ነካ።

አይረን ካልን ዘንድ ወደ ራሳችን ቁጥር እንምጣ። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 እናቶች 42ቱ በእርግዝናቸው ጊዜ የአይረን ኪኒን ወስደዋል፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 ብቻ ናቸው። 42ቱ ስለ ኪኒኑ ሰምተዋል፣ ተቀብለዋል፣ ውጠዋልም። በ42 እና በ5 መካከል ያለውን ገደል «ግንዛቤ» የሚለው ቃል አይሞላውም። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 20 ከመቶ ነበሩ፤ እጅግ ዘግይታ የጀመረች ሴት 90 ቀን አይደርስላትም። ኪኒኑ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰገራ ያጠቁራል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ከሌለ በሳምንቱ ትተወዋለች (ይህ እንግዲህ ትምህርት የሚጠቅምበት እውነተኛ ቦታ ነው)። ለወሩ የሚበቃ ኪኒን ጤና ኬላው ውስጥ ካልተገኘም ወደ ቤቷ ባዶ እጇን ትሄዳለች።

የፎሊክ አሲድ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ አብዛኛዋ ሴት መፀነሷን ገና ሳታውቅ። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ቆጠራዎች ከ10,000 ወሊድ ከ120 በላይ በሚሆኑት የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት እንዳገኙ አስታውቀዋል፤ ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው። በአራተኛው ወር ለክትትል የመጣችን እናት የቱንም ያህል ብናስተምር ለዚህ አይደርስም። የሚደርሰው ዱቄቱ ፋብሪካ ሳለ የሚጨመር ፎሊክ አሲድ ነው፤ የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ ግዴታ የሆነውም በ2022 ነው። ዱቄቱ የፋብሪካ መሆን አለበት፤ እህሏን በመንደር ወፍጮ ለምታስፈጭ የገጠር ሴት ግን ገና ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

ተቃራኒው ወገን የሚያነሣውን ጠንካራ ማስረጃ መዝለል ተገቢ አይሆንም። በ2012 የታተመ፣ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ የአመጋገብ ምክር የውልደት ክብደትን በአማካይ በ105 ግራም እንደሚጨምር፣ የደም ማነስንም በ30 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ቀላል ውጤት አይደለም፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ይኸው ግምገማ ግን ምክሩ ከምግብ፣ ከኪኒን ወይም ከሴፍቲኔት ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ውጤቱ እንደሚበልጥ ይናገራል። ይህ ሁለተኛው ግኝት በየምክረ ሐሳባችን ሲጠቀስ አላየሁም። ምክር በቤቱ ያለውን ምግብ ወደ እሷ ሳህን ሊያዞር ይችላል፤ በተለይ ባልና አማት አብረው ከሰሙት። በቤቱ የሌለውን ግን አያመጣም።

ወደ ሳህኑ መዞሩም ቢሆን የዋዛ አይደለም። በብዙ ቤት እንግዳና አባወራ ቀድመው ይበላሉ፣ ከዚያ ልጆች፣ በመጨረሻ እናት። የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ፋፋ የተሰጣት ነፍሰ ጡር ወደ ቤቷ ስትገባ አራት ትንንሽ አፎች ይጠብቋታል። ለብቻዋ አብስላ እንድትበላ የሚመክራት ሰው ያን ቤት አላየውም። ሥራውም አለ። ውሃ የተሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንን በጀርባዋ ይዛ ዳገት የምትወጣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የበላችውን መልሳ ለዳገቱ ትከፍላለች። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡሮችን ከጉልበት ሥራው አውጥቶ ድጋፉ ሳይቋረጥባቸው እንዲያርፉ መፍቀዱ በዚህ ረገድ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። በአሠራሩ በኩል ጉድለት አያጣውም፤ አስተሳሰቡ ግን ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል።

ጾሙን በአጭሩ ልለፈው። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚፈቀድ ነገር በሁለቱም ታላላቅ ሃይማኖቶች ዘንድ አለ፤ ብዙ እናቶች ግን ፈቃዱ እያለም ይጾማሉ። ይህ የእምነት ጉዳይ ነውና የሚመለከተው የንስሐ አባቷን ወይም ሼኳን ነው። የጤና ባለሙያ እዚያ ውስጥ ገብቶ «አለማወቅ» የሚል ምርመራ ማውጣቱ አያዋጣም።

የሕፃኑን ዕጣ በተመለከተም እንዲሁ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። «በማሕፀን የተጎዳ አእምሮ አይመለስም» የሚለው አባባል እናትን የሚያስፈራራ ዱላ ሆኗል። ዚና ስታይንና ሜርቪን ሱሰር ለውትድርና የተመዘገቡ ከ100,000 በላይ የኔዘርላንድ ወጣቶችን መረጃ መርምረው በረሃቡ ጊዜ በማሕፀን የነበሩት በ19 ዓመታቸው በአእምሮ ብቃት ፈተና ከሌሎቹ እንዳላነሱ አሳይተዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በረሃቡ ወቅት በተፀነሱት ላይ የስኪዞፍሬኒያ ሥጋት በእጥፍ መጨመሩን፣ የልብ ሕመምም መብዛቱን አግኝተዋል። በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ በማሕፀን በነበሩት ላይ ግን የስኳር ሕመም ምልክት ጭማሪ አልታየም። ጉዳት አለ፤ ነገር ግን እንደ ወሩ፣ እንደ ርዝመቱና ከወሊድ በኋላ እንደተገኘው ምግብ ይለያያል። በሌኒንግራድ ረሃቡ ከወሊድ በኋላም ሲቀጥል፣ በኔዘርላንድ ግን ሕፃናቱ ወደ ጥጋብ መወለዳቸው ልዩነቱን ሊያስረዳ ይችላል የሚሉ አሉ። ለነፍሰ ጡሯ የሚነገራት ነገር ይህን ልዩነት የሚያከብር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ጭንቀት ጎጂ ነው እያልን ራሳችን ጭንቀት እንጨምርባታለን።

ወደ ምጡ ፍርሃት ልመለስ። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከ5 ከመቶ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ሲያድጉ ምን ሆኖ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትምህርት ድርሻ አለው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን አብሮ አምቡላንስ መጣ፣ ወሊድ በነጻ ሆነ፣ ጤና ጣቢያዎች ቅጥር ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተሠራ፣ ወላዷም ገንፎዋን እዚያው እንድትበላ ተፈቀደ። ተቋሙ ወደ ሴቲቱ አንድ እርምጃ ሲመጣ እሷም መጣች። ምጡን የሚቀበል እጅ እንዳለ ያየች ሴት ልጁን ለማሳነስ ምክንያቷ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማዋለጃ ክፍሉ ራሱ የሥነ ምግብ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማቆያውን ግን ልብ ብሎ ያየ ሰው ክፍተቱ የት እንደቀረ ያውቃል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ እዚያ ትሰነብታለች። ምግቧን አብዛኛውን ጊዜ ከቤቷ ይዛ ትመጣለች፣ ወይም ማኅበረሰቡ ያዋጣው እህል እስካለ ድረስ ይበሰልላታል። መዋጮው በመኸር ይበረክታል፤ እህል በሚያልቅበት ክረምት ይነጥፋል። በጋምቢያ ብስኩቱ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመውም በዚሁ ዓይነት ወቅት ነበር። ስንቋ ያለቀባት ሴት ደግሞ ልጆቿም እያሳሰቧት ሳትወልድ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የማቆያው ምግብ ከመዋጮ ወጥቶ በጤና ጣቢያው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው፤ ከክረምቱ ወራት ይጀመር።